ከምንጩ በላይ ያለው ማሳ፦ የመሬት መዝገብ ፍለጋ በምሥራቅ ጎጃም

ጉዞው የተደረገው ጥር 2011 ነው። የሄድኩት የአንድ ማሳ ነገር ለማጣራት ነው። ቢቸና አካባቢ፣ እነማይ ወረዳ ውስጥ፣ የእናቴ ወላጆች መሬት አለ። ወንድ አያቴ ከሞተ ቆይቷል። ሴት አያቴ ደግሞ በ2010 አረፈች። ልጆቻቸው ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ ባሕር ዳር ነው የሚኖሩት። አርሳ አሳርሳ መሬቱን ይዛ የቀረችው ትንሿ አክስቴ ብቻ ናት።

ለቅሶው ላይ አንድ አጎቴ «ከምንጩ በላይ ያለው ማሳ የአባታችን ነው፤ ጎረቤት ገፍቶ ነው የያዘው» አለ። ሌሎቹም አዎ አሉ፤ ሁሉም ልጅ ሆነው እዚያ ማሳ ላይ ከብት ጠብቀዋል። ነገሩ ወደ ክስ ሊሄድ ሆነ። እናቴ ግን «ሰው ከመክሰሳችሁ በፊት መዝገቡ ይታይ» ብላ ያዘች። የዓመት ፈቃድ የነበረኝ እኔ ስለሆንኩ ውክልና ተጽፎልኝ ተላክሁ።

ጥር 19፣ እሑድ፦ የዓባይ በረሃ

ከአውቶቡስ ተራ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ወጣን። እስከ ደጀን 125 ብር ከፍያለሁ። ፍቼን አልፈን ጎሃ ጽዮን ለቁርስ ቆምን። ፍርፍር 40 ብር፣ ሻይ 5 ብር። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰና ቁልቁለቱን ተያያዘው።

የዓባይ በረሃ ወርዶ መውጣቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ላይ ጎሃ ጽዮን ጋቢ ለብሶ የተሳፈረ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሸሚዙን ይፈታል። የተጫኑ ከባድ መኪኖች በቀንድ አውጣ ፍጥነት ይወርዳሉ፤ የፍሬናቸው ሽታ መስኮት ተዘግቶም ይገባል። ታች አሮጌው ድልድይ እና ጃፓኖች የሠሩት አዲሱ ድልድይ ጎን ለጎን ይታያሉ። እኛ በአዲሱ ተሻገርን። ዳገቱ መሀል ላይ የአንድ ጭነት መኪና ጎማ ፈንድቶ መንገዱን ዘግቶት ከአንድ ሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ቆየን። አንዲት እናት ከዘንቢላቸው ብርቱካን እያወጡ ለማያውቁት ሰው ሁሉ አደሉ። ለእኔም ደረሰኝ።

ደጀን ሚኒባስ ቀየርኩ፤ እስከ ቢቸና 35 ብር። መንገዱ ዳርና ዳር ጥቁር አፈር ነው፣ የጤፍ አገር። አጨዳው አልቆ ክምሩ ቆሟል፤ አንዳንዱ ውድማ ላይ ገና በበሬ ይወቃል። ቢቸና 180 ብር የሚከፈልበት አልጋ ያዝኩ። ውኃ በባልዲ ነው የሚመጣው፣ ክፍሉ ግን ንጹሕ ነው። እራት ሽሮ በላሁ፣ 30 ብር። እንጀራው እንዴት ያለ ነጭ መሰላችሁ። አዲስ አበባ «የጎጃም ማኛ» ተብሎ የሚሸጠውን ለዓመታት በልቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አልገጠመኝም።

ጥር 20፣ ሰኞ፦ ባሕር መዝገቡ

አክስቴ ከገጠር በጠዋት መጥታ ወረዳው መሬት አስተዳደር በር ላይ ጠበቀችኝ። ይዞታው በእሷ እጅ ስለሆነ እሷ መኖሯ ግድ ነበር። እኔ ውክልናውንና የእናቴን መታወቂያ ኮፒ አቀረብኩ። ባለሙያው ወጣት ነው። ኮምፒውተር አለው፤ መብራት ግን አልነበረም፣ እስከ ማታም አልመጣም። «ወረቀቱን እናየዋለን» ብሎ ከመደርደሪያ ትልቁን ባሕር መዝገብ አወረደ።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። አማራ ክልል የገጠር መሬት መመዝገብና ለገበሬው የይዞታ ደብተር መስጠት የጀመረው በ1995 ነው። ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቀበሌዎች አንዱም እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎዛምን ወረዳ ነበር። ያ የመጀመሪያው ዙር ካርታ የለውም። የባለይዞታው ስም፣ የቤተሰቡ ቁጥር፣ የማሳዎቹ ብዛት፣ በገመድ የተለካ ስፋት፣ የአፈሩ ለምነት፣ ከዚያ አዋሳኞች፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ። የማሳው አድራሻ ጎረቤቱ ነው። ሁለተኛው ዙር በኋላ መጣ፣ ከአየር በተነሳ ፎቶ ላይ የተሠራ ካርታ ያለው። ለእሱ የእንግሊዝና የፊንላንድ መንግሥታት በገንዘብም በሙያም አግዘዋል።

የአያቶቼ ገጽ ተገኘ። ቆሜ አነበብኩት። የአያቴ ስም አለ። ከሥሩ፣ በራሱ መስመር፣ የሴት አያቴ ስም ከነአባቷ ተጽፏል። በደብተሩም ላይ የሁለቱም ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። ሴት አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር፣ ያን ደብተር ግን ከሳጥኗ ሥር በጨርቅ ጠቅልላ ነበር የምታኖረው። ባሏ ከሞተ በኋላ ማንም ሳያስነሳት እስከ ዕለተ ሞቷ መሬቷ ላይ የኖረችው በዚያ መስመር ምክንያት ነው። ለእኔ ከመሬት ምዝገባው ሁሉ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ማንም ቢከራከረኝ።

ገጹ ላይ ሦስት ማሳ አለ። አንዱ ሁለት ቃዳ፣ ሁለቱ አንዳንድ ቃዳ። ድምሩ አራት ቃዳ ነው፣ ማለትም አንድ ሄክታር። ከምንጩ በላይ ያለው ማሳ የለም። ባለሙያው የጎረቤቱንም ገጽ አይቶ ነገረን፤ ማሳው በእሱ ስም ነው፣ የተገኘበት መንገድም «በድልድል፣ 1989» ይላል። «ከዚህ በላይ መዝገቡ አይናገርም» አለ። «ለምን እንደተሰጠው የቀበሌ ሽማግሌዎች ጠይቁ፣ ነገ ደግሞ አስተርዮ ስለሆነ ሁሉንም ታገኟቸዋላችሁ።»

አክስቴ ዝም ብላ ቆየችና «እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ» አለች። ለእራት ጥብስ ልጋብዛት ብል በጀ አላለችኝም። ስኳርና ሳሙና ገዛንና እሷን መኪና ላይ አሳፈርኳት።

ጥር 21፣ ማክሰኞ፦ አስተርዮ ማርያም

ባጃጅ ተኮናትሬ ወደ ቀበሌው ወጣሁ፣ 150 ብር። ግማሽ መንገድ ላይ ባጃጁ ተበላሸ። ልጁ ሊያስጠግን ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እኔ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በእግሬ ቀጠልኩ። አንድ ሽማግሌ በቅሏቸውን እየጎተቱ ደረሱብኝና «የማን ልጅ ነህ?» አሉ። የአያቴን ስም ነገርኳቸው። ቦርሳዬን ከእጄ ነጥቀው በቅሎዋ ላይ አደረጉት። ቤተ ክርስቲያን እስክንደርስ ድረስ ያያቴን ዘር ከሰባት ቤት ጀምሮ ቆጠሩልኝ።

አስተርዮ ስለሆነ ሞፈር ቀንበር የነካ ሰው የለም። ደጀ ሰላሙ በነጭ ለባሽ ተሞልቷል። ከቅዳሴ በኋላ ከግቢው ውጭ ዛፍ ሥር ጠላ ቀረበ። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ሰብሳቢም እዚያው ነበሩ። ከሰዓት ሠርግ ስላለባቸው «ቶሎ ጠይቅ» አሉኝ። ጥር ነው እንግዲህ፣ በየጎጡ ዳስ ተጥሏል።

ጥያቄዬን ስጀምር ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በኋላ በቅሏቸውን የጎተቱት አባት ጀመሩት።

ድሮ መሬቱ ርስት ነበር። ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠራል፤ አቅኚ አባቱን፣ መሬቱን መጀመሪያ ያቀናውን፣ ቆጥሮ የደረሰ ሁሉ ድርሻዬን ይላል። ከምንጩ በላይ ያለው ለአያቴ የደረሰው በእናቱ በኩል ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 አዋጅ ወጣ፤ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ፣ አንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተባለ። እዚህ አገር ያን ያህል የነበረው ጥቂት ሰው ስለሆነ ብዙው ገበሬ ያረሰውን ያዘ። አያቴም ማሳውን እንደያዘ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ ተመረጠ። በደርግ ጊዜ።

ከዚያ 1989 መጣ፣ ሽግሽጉ፤ መዝገቡ «ድልድል» የሚለው፣ መሬት ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው የተሰጠበት። በደርግ ጊዜ ሹመት የነበረው ሁሉ «ቢሮክራሲ» ተባለ። ቢሮክራሲ የተባለ ከአራት ቃዳ በላይ እንዳይዝ ተወሰነ፤ ሌላው ገበሬ እስከ ሦስት ሄክታር መያዝ ይችል ነበር። በዚያው ዓመት የጎጃም ገበሬ አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ እንደነበር ብዙ ሰው ያስታውሳል። ከሽማግሌዎቹም አንዱ ከሄዱት መሀል ነበሩ።

ትናንት መዝገቡ ላይ ያየሁት አራት ቃዳ ትርጉሙ ያኔ ገባኝ። ከአያቴ ላይ የተቆረጠው ከምንጩ በላይ ያለው ነው። ዕጣ ወጣበትና ለአንድ አዲስ ያገባ መሬት አልባ ወጣት ደረሰ። ያ ወጣት ነው ዛሬ «ገፊ» የተባለው ጎረቤት። አጎቶቼና እናቴ ከ1989 በፊት ከተማ ገብተው ነበር፤ ማሳው በሐሳባቸው የቀረው ጥለውት እንደሄዱ ሆኖ ነው። አያቴም ለልጆቹ አልነገረም። «ከዚያ ወዲያ በዚያ ማሳ ዳር አልፎ አያውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እንኳ ዞሮ ነበር» አሉ ሽማግሌው።

ያ ውሳኔ አግባብ ነበር አልልም። ሰውን በያዘው ወንበር ስም ሰጥቶ መሬቱን መቁረጥ ግፍ ነው። ግን ግፉን የሠራው ያ ሰውዬ አይደለም። እሱም የዚያው አገር ልጅ ነው፣ ጎጆ ወጥቶ የሚያርሰው ያልነበረው።

አክስቴ ቤት ዶሮ ተሠርቶ ጠበቀኝ። እርጎ፣ ከዚያ እንደገና እርጎ። ሆዴ ሞልቶ እንኳ «የእህቴ ልጅ፣ ምነው እጅህን ሰበሰብህ?» እያለች ታጎርሰኝ ነበር። መደብ ላይ አጎዛ ተነጠፈልኝ።

ጥር 22፣ ረቡዕ፦ ወሰኑ ላይ

በጠዋት ጎረቤቱ ራሱ መጣ። ወሬ ቀድሞኝ ሄዷል። አክስቴ «አያ፣ ግባ እንጂ» ብላ ቡና አፈላች። እስከ ሁለተኛው ስኒ ድረስ ስለ መሬት ማንም አላነሳም። የአዲስ አበባን የጤፍ ዋጋ ጠየቀኝ። የሁለተኛውን ዙር ካርታ ይዘን ስንወጣ ግን እሱ ቀድሞ መራን።

ካርታው አንድ ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ማሳ ቅርጹ ተስሏል፣ መለያ ቁጥርም አለው። ሲሠራ እንዴት እንደነበር እሱና አክስቴ እየተቀባበሉ ነገሩኝ። ልጆች የታተመ የአየር ፎቶ ይዘው መጡ። ባለማሳውና አዋሳኞቹ አብረው ወሰኑን ተራመዱ፤ ልጆቹ ፎቶው ላይ በብዕር አሰመሩ። ከጊዜ በኋላ የተሠራው ካርታ ሕዝብ እንዲያየው ተለጠፈ፤ የተሳሳተበት አስተካከለ። ሴት አያቴ በምርኩዝ ሄዳ ተራምዳለች። «እዚህ ጋ ቁጭ ብላ አርፋለች» ብሎ ድንጋዩን አሳየኝ።

በገመድ አራት ቃዳ የነበረው በካርታው 0.97 ሄክታር ነው። በገመድ የተለካ እንዲህ መቀራረቡ አስደነቀኝ። አንድ ወሰን ላይ ግን ጭቅጭቅ ተነሳ። ጎረቤቱ ድንበሩ ላይ ባሕር ዛፍ ተክሏል፤ ጥላውም ሥሩም የአክስቴን ጤፍ አቀጭጮታል። አክስቴ ይህን ስታነሳ ድምጿ ከፍ አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ከሠርጉ ድካም ጋር ተጠርተው መጡ። እሱ በዚያ በኩል ያለውን አንድ ረድፍ ሊቆርጥ፣ ቦይም ሊቆፍር ተስማማ። በወረቀት ተጻፈ፤ ሦስት ሰው ፈረመ።

አዲስ አበባ ካርታ ያለው ሰው አጥር ያጥራል፤ ከአጥሩ ማዶ ማን እንዳለ ብዙም አይጠይቅም። እዚህ ያለ ጎረቤቱ ምስክርነት ካርታው ራሱ አይሠራም ነበር። እኔ በኮንዶሚኒየሜ ፎቅ ላይ ከሚኖሩት የማውቀው ግማሹን ነው።

ምሳ የጾም ነበር፣ ሽሮና የተልባ ፍትፍት። የመጋዞውንም ነገር አነሳን። ከማሳዎቹ አንዱን የሚያርሰው የመንደሩ ልጅ ነው፤ ምርቱን ይካፈላሉ። ውሉ በቃል ነው። በጽሑፍ ይሁን ብዬ ጎተጎትኩ። አክስቴ «ልጁ ይከፋዋል» ብላ እንቢ አለች። በዚህ አልተስማማንም፤ አሁንም አልተስማማንም።

ጥር 23፣ ሐሙስ፦ ዲማ ጊዮርጊስ

የጊዮርጊስ ዕለት ስለሆነ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ የሚሄድ መኪና ሞልቶ ነበር። በ40 ብር ተሳፈርኩ፣ ከጣራው ላይ ሁለት በግ አለ። ዲማ የታወቀ የትምህርት ደብር ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁም እዚህ ተምረዋል።

የሄድኩት ስለ ድሮ የመሬት ጽሑፍ ለመስማት ነው። በጎጃም ትልልቅ አድባራት የጉልት (ከመሬት ግብር የመብላት መብት) ስጦታ፣ የርስት ሽያጭ፣ ኑዛዜ፣ የእርቅ ቃል የሚጻፈው በብራና መጻሕፍት ባዶ ገጽና ዳርቻ ላይ ነበር። ወንጌል ላይ የተጻፈን ማንም አይፍቅም። ማን ለማን እንደሸጠ፣ በስንት አሞሌ ጨው ወይም ወቄት ወርቅ፣ ማን ዳኛ ማን እማኝ እንደነበረ ይጻፋል። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የተጻፉ ብዙ አሉ። ሴቶች ሲሸጡና ሲያወርሱም ይገኝበታል።

አንድ መሪጌታ ከማኅሌት ወጥተው ጥላ ሥር አነጋገሩኝ። መጽሐፎቹን ለማየት ከሀገረ ስብከት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ይህ ትክክል ነው። ብራና እየተሰረቀ በወጣበት አገር ለመጣ ሁሉ ሣጥን አይከፈትም። ግን ብዙ ነገሩኝ። ከጠየቅሁት ሁሉ የያዝኩት ይሄን ነው፦ ድሮ የመሬት ነገር ሲጻፍ አዋሳኙ እማኝ ሆኖ ይቆጠር ነበር። የ1995ቱ ደብተር ላይ ያየሁት ያው ነው።

ዳቤ ተቆርሶ ተሰጠኝ። ለተማሪዎቹ ያለኝን አዋጣሁ። ማታ ቢቸና ገባሁ።

ጥር 24፣ ዓርብ፦ ደብረ ማርቆስ

በደጀን ዞሬ፣ የትኖራንና ሉማሜን አልፌ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። የድሮ ስሟ መንቆረር ነው፤ የዛሬውን ያገኘችው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ካሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ባጃጅ 5 ብር፣ ማኪያቶ 10 ብር።

አሮጌ የመሬት ክርክር መዝገቦችን ለማየት ፈቃድ አገኘሁ፣ እስከ 11 ሰዓት። አቧራው አፍንጫ ይዘጋል፤ ጭንብል ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ፋይሎቹ የተደረደሩት በዓመትና በከሳሽ ስም ነው፣ በቦታ አይደለም። ስለዚህ የአንድን ማሳ ታሪክ ለማግኘት ማን ማንን እንደከሰሰ ማወቅ አለባችሁ። የአያቴን እናት ወገን ስም ከሽማግሌው ጽፌ መጥቻለሁ፤ በደረስኩባቸው ዓመታት ውስጥ ግን አላገኘሁትም። የሌሎች ሰዎችን ብዙ አነበብኩ። ዘር ቆጠራ ገጽ ሙሉ ነው። ከፋይሉ ጋር የግብር ደረሰኝ ይያያዛል፤ ግብር የከፈለ ባለርስት ነኝ ስለሚል ሰው ደረሰኙን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቀው።

የ1960ውን ዓመፅ ሳስብ የነበረው እዚያ ተቀምጬ ነው። በ1960 አሥራት (ከምርት አንድ አሥረኛው) ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ እንቢ አለ። ገማቾች ማሳ ላይ ሲወጡ ቀላድ (የመሬት መለኪያ ገመድ) ሊጣል ነው፣ ርስቴ ሊነጠቅ ነው ብሎ ጠመንጃ አነሳ። በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞት። ጦር ዘመተበት፣ አውሮፕላንም ደበደበው፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዡ ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። መለካትን በደሙ የመለሰ ሕዝብ ነው። የልጅ ልጁ ወሰኑን ራሱ ተራምዶ ካርታ ያሠራው፣ እኔ እንደገባኝ፣ የዚህኛው ልኬት ወረቀት እጁ ላይ ስለሚቀር ነው። የያኔው ለገማቹ ብቻ ነበር።

ጥር 25፣ ቅዳሜ፦ አዲስ አበባ

መንገዱ ሰላም ነበር። ማታ እናቴ ቤት አጎቴም መጣ። የመዝገቡን ኮፒ ዘረጋሁለት። አራት ቃዳውን፣ «በድልድል፣ 1989» የሚለውን፣ አያቴ ማሳውን ዞሮ ይሄድ እንደነበረ። አጎቴ ለረጅም ጊዜ ኮፒውን ያዘው። «አባቴ ይህን ለምን ደበቀን?» አለ። እናቴ «አፍሮ ይሆናል» አለች። ክሱ ቀርቷል። አጎቴ ግን መሬቱ ያኔ በግፍ ተቆረጠ የሚለውን አልተወም፤ እኔም በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ።

የቀረው የአክስቴ ጉዳይ ነው። ከወረዳ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይወጣል፤ በእሱ መሠረት ደብተሩና ካርታው ወደ ስሟ ይዞራል። እኛ ደመወዝ የምንበላው አንጠይቅም ብለን ተፈራርመናል። ተመሳሳይ ጉዳይ ያለበት ሰው ውክልናውን፣ የሟቾችን የሞት ማስረጃና የአሮጌውን ደብተር ኮፒ ይዞ ይሂድ። በአዘቦት ቀን ወረዳ፣ በበዓል ቀን ቀበሌ። ሽማግሌዎቹንም ዛሬ ነገ ሳይል ይጠይቅ፤ በቅሎዋን የጎተቱት አባት ዕድሜያቸው ያኔ ከሰማንያ በላይ ነበር።